የሚርታ ተራ

ለእህቴ ለሚርታ፣ ካለሽበት ከባሕሩ ዳር ይድረስሽ።

እንደምን ሰንብተሻል? ሰላምታዬ ከደጃፍሽ እስከ ጓዳሽ ድረስ ይግባ። ጤናሽስ እንዴት ነው? ያ ብርድ በነካሽ ቁጥር የሚያሰቃይሽ ጉሮሮ እዚያ ሙቀት አገር ገብተሽ ለቀቀሽ ወይስ አሁንም ይመላለስብሻል? ቪሴንቴስ ሥራው እንዴት ይዞታል? ኖኤሊያ የወለቀው ጥርሷ በቀለ ወይስ አሁንም ስትስቅ በሩ ክፍት ነው? አማትሽስ ወገባቸውን ተሻላቸው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን አለን። ባለቤቴ ኦስማርም ደህና ነው፤ ባለፈው ሳምንት የውሃው ቧንቧ በረዶ ሆኖ አልወርድ ሲል በእኔ የፀጉር ማድረቂያ ሲያሞቀው ውሎ ማድረቂያዬን አቃጠለው እንጂ ሌላ ክፉ ነገር አላገኘንም። አባዬም ደህና ነው። ስለ እሱ ብዙ የምነግርሽ አለኝና ቀስ ብዬ እደርስበታለሁ።

ስልክ እያለ ወረቀት ያነሳሁት ወድጄ አይደለም። አንቺ ስትደውዪ አባዬ ስልኩን ጠረጴዛው መሃል ያስቀምጥና ድምፁን እስከ መጨረሻው ከፍቶ ነው የሚያዳምጥሽ። ጎረቤታችን እትዬ ቼላ እንኳ ከማዶ ሰምታሽ እየሮጠች ትመጣና «ምን አለች? ምን አለች?» ትላለች። ስልኩ ከተዘጋ በኋላ ደግሞ አባዬ አንቺ ያልሽውን አንድ በአንድ መልሶ ይነግረኛል፤ አጠገቡ ተቀምጬ እንዳልሰማሁ ሁሉ። በእንዲህ ያለ ሸንጎ ፊት የሆድን መናገር አይቻልም። የቼላ ልጅ ወደ እናንተ አገር ልትበር ስለሆነ ይህን በሻንጣዋ ይዛልሽ ትመጣለች፤ ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩን ሳላሽሞነሙን ልንገርሽ፤ እቀናብሻለሁ። ይኸው አልኩት። ዛሬ የጀመረኝም አይደለም፤ ግን ዘንድሮ ክረምት ላይ ባሰብኝ። ፎቶሽ የማቀዝቀዣው በር ላይ ተለጥፏል፤ የእኔ የለም። ለምን ይኖራል? እኔ ራሴ ቀኑን ሙሉ ማቀዝቀዣው ፊት ቆሜ እውላለሁ። አንቺ ከባሕሩ ዳር የላክሽለትን ቀጭን ሹራብ በዚህ ብርድ ካፖርት ላይ ደርቦ ይለብሰዋል፤ እኔ የሠራሁለት የሱፍ ሹራብ ግን «ያሳክካል» ተብሎ ሳጥን ውስጥ ተኝቷል። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚሉ ሰዎች የእኛን ቤት አላዩትም። እኛ ቤት የቅርብ ጠበል ነው ልጥ የሚነከርበት።

ከሁሉ የሚብሰኝ ደግሞ የእሁዱ ነው። አባዬ እንደ ድሮው እሁድ እሁድ ከምሳ በኋላ የአያታችንን ቅል ያወጣና እንደ ሻይ የሚጠጣውን መራራ የማቴ ቅጠል ሞልቶ፣ የብሩን መምጠጫ ሰክቶ፣ ሙቅ ውሃ እያንቆረቆረ በየተራ ይሰጠናል። የመጀመሪያውን ራሱ፣ ከዚያ ኦስማር፣ ከዚያ እኔ፣ ቼላም ካለች ቼላ። ዙሩ ሲያልቅ «ይሄ የሚርታ ነው» ይልና ከደረት ኪሱ ያቺን ትንሽ የስኳር ቆርቆሮ ያወጣል። አንድ ማንኪያ ስኳር ይነሰንስበትና ውሃውን ጨምሮ፣ ወደ መስኮቱ ዞሮ፣ ራሱ ይጠጣዋል። አንቺ ከሄድሽ ወዲህ አንድም እሁድ ዘሎት አያውቅም። ሐኪሙ ስኳር እንዳይቀምስ ከከለከለው በኋላ እንኳ አልተወም።

ስኳር! አንቺ አታስታውሺውም፤ ገና አልተወለድሽም ነበር። ልጅ ሆኜ አንድ ቀን ከዚያ ቅል ውስጥ አንዲት ቁንጥጫ ስኳር ብጨምር ጣቴን በማንኪያ መታኝና «ስኳር ቅል ያበላሻል! ይሄ የአያትሽ ቅል ነው!» ብሎ ጮኸብኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ መራራውን እየጠጣሁ አደግሁ። አንቺ ስትመጪ ግን ስኳሩም መጣ፣ ቅሉም ሳይበላሽ ቀረ። እማዬ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ሚርታ እኮ ጉሮሮዋን ስለሚያማት ነው» ትለኝ ነበር። እኔም እኮ ጉሮሮ ነበረኝ።

ቅሉን ለምን እንደማነሳው ታውቂያለሽ። አያታችን የተራራ ወጪዎቹን ማረፊያ ቤት መጠበቅ ሲያበቃ፣ ጫፉ ላይ ወጥቶ ቅሉን በጠባቂነቱ ለተተካው ለአባዬ እንዳስረከበው ከልጅነታችን ጀምሮ ስንሰማው የኖርነው ታሪክ ነው። በእኛ ቤት መሬት ወይም ወርቅ አልተወረሰም፤ የሚወረሰው ያ ቅል ነው። ቅሉን የያዘ ቀጂ ነው፤ ቀጂ የሆነ ደግሞ የቤቱ ሰው ነው። እኔ ያንን ቅል ስመኝ ነው ፀጉሬ የሸበተው።

በዚህ ወር መጀመሪያ ላይ አባዬ እራት እየበላን ማንኪያውን አስቀመጠና «ዘንድሮ የልደቴ ቀን እንደ ልማዴ ማረፊያ ቤቱ ድረስ፣ ከዚያም ጫፉ ድረስ እወጣለሁ። በበረዶ የመጨረሻዬ ነው። ከእንግዲህ ጉልበቴ አይችልም» አለ። «ቅሉንም እንደወጣሁ ይዤው አልወርድም» ብሎ ጨመረ። ኦስማር በጠረጴዛው ሥር በእግሩ ነካ አደረገኝ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቤቱ ውስጥ ሽር ጉድ አልኩ፤ የአባዬን ጫማ ሰም ቀባሁት፣ ከጫማው ሥር የሚታሰረውን የብረት ጥርስ ሞረድኩ፣ ካልሲውን ጠቀምኩ። ኦስማር እያየኝ «እኔን ስታገቢ እንኳ እንዲህ አልተሰናዳሽም» አለኝ። «አንተን ሳገባ የምወርሰው ነገር አልነበረማ» አልኩት። ሳቀ፤ ደግነቱ ቀልድ ይገባዋል።

ቅዳሜ ማለዳ ኦስማር በመኪና እስከ ዳገቱ ሥር አድርሶን ተመለሰ። ሰማዩ ጥርት ያለ፣ ብርዱ ደግሞ አፍንጫ የሚቆርጥ ነበር። የእንጨት ክምሩ እንደ ድሮው እዚያው መነሻው ላይ ነው፤ የሚወጣ ሰው ሁሉ ለማረፊያ ቤቱ ምድጃ አንድ ግንድ ይዞ መውጣት ግዴታው ነው። አባዬ ሄዶ ከሁሉ ከባዱን መረጠ። ዱላውን ሊያስተካክል ጎንበስ ሲል ቀስ ብዬ በቀላል ቀየርኩለት። አንድ ሁለት እርምጃ እንደሄደ ቆመ።

«ሌባ! ግንዴን መልሺ!» አለ።

«አባዬ፣ ሰባ ስምንት ዓመት ሞላህ እኮ ዛሬ።»

«ግንዱስ ስንት ዓመቱ ይመስልሻል? እሱ አላጉረመረመም።»

መለስኩለት። ምን አደርጋለሁ? ግትርነቱን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ ከእሱ የወረስሽው አንዱ ነገር ነው።

ጫካው ውስጥ ማንም ያልረገጠው በረዶ እስከ ጉልበት ነበር። እኔ ፊት ፊት እየሄድኩ በረዶውን በእግሬ እየደቀደቅኩ መንገድ እከፍትለታለሁ፤ እሱ በእኔ ዱካ እየረገጠ ስለ አንቺ ያወራል። ከዚህ በላይ ምን ልበልሽ! «ያቺን ዛፍ አየሻት? ሚርታ ስሟን የቀረጸችባት ናት።» «ይሄን ድልድይ ሚርታ በአንድ እግሯ እየዘለለች ነበር የምትሻገረው።» «እዚህ ጋ ወድቃ እንዴት እንደሳቀች!» እዚህ ላይ ትዕግሥቴ አለቀ። «አባዬ፣ አልሳቀችም፤ አለቀሰች። እስከ ታች ድረስ አዝዬ ያወረድኳትም እኔ ነኝ» አልኩት። «አዎ፣ አንቺማ ጠንካራ ነሽ» አለኝ። ጠንካራ ነሽ! በቅሎንም እኮ እንዲሁ ይሏታል። ፊቴን አዙሬ መደቅደቄን ቀጠልኩ።

ከጫካው ስንወጣ የማረፊያ ቤቱ ጭስ ታየን። አሁን የሚጠብቀው ናሁኤል የሚባል ጢሙ ደረቱ የደረሰ ወጣት ነው፤ ታውቂው ይሆናል፣ የዳቦ ጋጋሪው ልጅ ነው። በሩ ላይ ቆሞ ሲጠብቀን ነበር።

«ዶን ኤቫሪስቶ! እኔ እኮ ዘንድሮስ በሄሊኮፕተር ነው የሚመጡት ብዬ ሜዳውን ጠርጌ ነበር!»

«ሄሊኮፕተሩን ለራስህ አስቀምጠው። እንዲህ ስትወፍር ማውረጃ ያስፈልግሃል» አለው አባዬ ግንዱን እግሩ ሥር እየጣለለት።

ናሁኤል ለአባዬ ልደት ብሎ ሊጥ በስብ ጠብሶ ስኳር ነስንሶበት ጠብቆናል፤ ምስር በቋሊማም ሠርቷል። ምድጃው ቤቱን አሙቆታል፣ ከጣሪያው ሥር የተሰቀለው ካልሲና ጓንት ይተናል። አባዬ ግድግዳው ጥግ ያለችው አሮጌ አግዳሚ ላይ፣ በጠባቂነቱ ዘመን ይቀመጥባት የነበረችው ላይ ተቀመጠ። ከበላን በኋላ ቅሉን ከቦርሳው አወጣ። «የመጀመሪያው የሞኝ ነው» ብሎ እንደ ወጉ መራራውን ራሱ ጠጣ። ከዚያ ለናሁኤል፣ ከዚያ ለእኔ። እኔ ስመልስለት «ይሄ የሚርታ ነው» አለና እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደ።

እዚህም? አልኩ በሆዴ። በገዛ ልደቱ፣ ይህን ሁሉ በረዶ የደቀደቅኩለት እኔ እዚህ ተቀምጬ?

ናሁኤል ምስኪን፣ ነገሩን ምኑን አውቆ፣ «ሚርታ ያቺ ስፔን ያለችው ናት? እውነት ይሄን ዳገት በሩጫ ትወጣው ነበር?» ብሎ ጠየቀ።

«በሩጫ!» አለ አባዬ። «እንደ ጥንቸል!»

እህቴ፣ አንቺና እኔ እውነቱን እናውቃለን። አንቺ እዚያ ማረፊያ ቤት በእግርሽ ከመጣሽበት በጀርባዬ የመጣሽበት ይበዛል። ሆድ ያባውን ብቅል ያወጣዋል ይላሉ፤ የእኔን ያወጣው ግን ማቴ ነው። ምን እንደነካኝ ሳላውቅ እጄን ዘርግቼ ቅሉን ከእጁ ላይ ነጠቅኩት። የሰው ተራ! ያ ሳያንስ በንዴት መምጠጫውን ይዤ ማማሰል ጀመርኩ፤ እንደ ገንፎ አማሰልኩት። እዚያ ባሕሩ ዳር ተቀምጠሽ ረስተሽው ካልሆነ በቀር፣ የቀጂን መምጠጫ ማማሰል ፊቱን በጥፊ ከመምታት እንደማይተናነስ ታውቂያለሽ። ከዚያ ወደ አፌ ወሰድኩት። ቅጠሉ መምጠጫው ውስጥ ገብቶ ደፍኖታል፤ ብስበው ብስበው ጠብ የሚል ነገር የለም። ናሁኤል ቀና ብሎ አየኝና የእንጨት ሣጥኑ ሞልቶ ሳለ «እንጨት ልፍለጥ» ብሎ ወጣ።

አባዬ ቅሉን ከእጄ ወሰደ። መምጠጫውን ነቅሎ በጥፍሩ እየጠረገ፣ ሳያየኝ፣ «እዚህ ቤት ዕድሜዬን ሙሉ ስቀዳ ሰካራም እንኳ መምጠጫዬን አማስሎብኝ አያውቅም» አለ።

«ሰካራሙ ተራው ይደርሰዋላ» አልኩት።

«ያንቺ ተራ መቼ ተዘለለ?»

«አልተዘለለም። ግን እዚህ የሌለች ሰው ተራ ካላት፣ እዚህ ያለሁት የእኔ ምኑ ተራ ነው?»

ቅሉን በሱፍ ካልሲ ጠቅልሎ ቦርሳው ውስጥ ከተተ። አበቃልሽ ዙልማ፣ አልኩ በልቤ። ስንት ዘመን የጠበቅሽውን ቅል በገዛ እጅሽ አማስለሽ ደፋሽው። አንቺን እዚያው በዚያው ረገምኩሽ፤ አሁን ይቅር በይኝ፣ ያኔ ግን ከልቤ ነበር።

ከማረፊያ ቤቱ በላይ ያለው ግግር በረዶ ስለሆነ ናሁኤልም ገመዱን ይዞ አብሮን ወጣ። በሩ ላይ ተንበርክኬ ለአባዬ የብረት ጥርሱን ከጫማው ሥር ሳስርለት እጁን ትከሻዬ ላይ አሳረፈ። ይቅር ሲለኝ ይሁን እንዳይወድቅ ሲደገፍ አላወቅኩም። ቀና ብዬም ለማየት አፈርኩ። መንገድ ላይ ሦስታችንም አልተነጋገርንም፤ የሚሰማው በረዶው በጥርሱ ሲቆረጠም ብቻ ነው። ይህን ብቻ ልንገርሽ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ አንቺ አላወራም። ደግሞ ያ ዝምታ ከወሬው ባሰብኝ።

ከጫፉ በታች ያለው የተራራው ትከሻ ላይ ስንደርስ ነፋሱ ጀመረ። ዞር ብዬ ሳየው ከንፈሩ ሰማያዊ ሆኗል፣ ትንፋሹ ቁርጥ ቁርጥ ይላል። ደግፈን ከትልቁ ድንጋይ ሥር ከነፋሱ ከለል አድርገን አስቀመጥነው። ናሁኤል ካፖርቱን አውልቆ ደረበለት። «በቃ እንውረድ» አልኩ። ቅሉን በዚያች ሰዓት ረስቼዋለሁ፤ እውነቴን ነው።

«ማንም አይወርድም» አለ አባዬ ትንፋሹ ሲመለስለት። «እኔ እዚህ ነው ያበቃሁት። ዙልማ፣ ነይ ወዲህ።»

ቦርሳውን ከፈተ። ካልሲውን ፈታና ቅሉን አወጣ፤ ፔርሙዙንም አወጣ፤ ሁለቱንም እጄ ላይ አስቀመጠ። እኔን ነው! አልኩ። ይኸው፣ እኔን ነው! ከዚያ እጁን ወደ ደረት ኪሱ ሰደደና ያቺን የስኳር ቆርቆሮ አውጥቶ ጨመረበት።

«ላይ ስትደርሺ የሚርታን ቅጂላት» አለኝ።

«ለእኔስ?» አልኩት። በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚያ ነፋስ፣ ሰው ፊት፣ «ለእኔስ?» አልኩ።

«አንቺ ቀጂዋ አይደለሽ?» አለና ዓይኑን ጨፈነ።

እኔ የሰማሁት ግን ስምሽን ብቻ ነው። ናሁኤል ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ሂጂ፣ እኔ አብሬያቸው ነኝ፤ ደህና ናቸው» አለኝ። የቀረችው አጭር ናት፣ በረዶዋም ጥሩ ትይዛለች፤ ብቻዬን ወጣኋት። በየእርምጃው «ሚርታ» እያልኩ በረዶውን ረገጥኩት። እንዲህ በፍጥነት ወጥቼው አላውቅም፤ አንቺ ላይ ስናደድ እግሬ ይቀለኛል።

ጫፉ ላይ የድንጋዩ ክምር በበረዶ ተሸፍኖ እንደ ስኳር ቋት ቆሟል። ታች ሐይቁ ጥቁር ሰማያዊ ሆኖ ይታያል፣ ከድንበሩ ማዶ የቺሌዎቹ እሳተ ገሞራ ነጭ ሆኖ ተቀምጧል። ከክምሩ ጀርባ ተቀመጥኩና ቅጠሉን ሞላሁ፤ ውሃ ጨመርኩ። የመጀመሪያው የሞኝ ነው፤ ጠጣሁት። ደግሞ ሞላሁ። ይሄ ያንቺ ነው። ስኳሩን ነሰነስኩ፣ ውሃውን ጨመርኩ፣ ቅሉንም በበረዶው ላይ አዘነበልኩት። ልደፋው ነበር፣ ሚርታ። ማን ያየኛል? ቀዳሁላት እላለሁ፤ አልዋሸሁም፣ ለበረዶው ነው የቀዳሁላት። እንዳልደፋው ያስቻለኝ ፍቅር እንዳይመስልሽ። በዚያ ብርድ ሙቅ ነገር የሚደፋ እብድ ብቻ ነው። እና ጠጣሁት።

እህቴ፣ እንዴት ይጣፍጣል! ለካ ይህን ሁሉ ዘመን ስትጠጪ የኖርሽው ይህን ነው! እኔ መራራውን ማቴ ማቴ ነው ብዬ፣ ሕይወትም እንዲሁ ነው ብዬ ተቀብዬ ስኖር፣ አንቺ ለካ እዚያው ዙር ውስጥ፣ ከዚያው ቅል፣ ይህን ትመጥጪ ነበር! ተናደድኩ፣ ሳቅሁ፣ እንባዬም መጣ፤ ነፋሱ ነው ብዬ ጠረግሁት። ከዚያ ደግሜ ሞላሁና ስኳሩን አበዛሁበት። ሁለት ተራሽን ጠጥቼብሻለሁ፤ ከፈለግሽ ክሰሺኝ።

ስወርድ አባዬ ፊቱ ቀልቶ፣ ከናሁኤል ጋር ስለ ምድጃው ጭስ ማውጫ ሲከራከር አገኘሁት። እፎይ አልኩ።

«ቀዳሽላት?» አለኝ።

«ቀዳሁላት።»

«ማን ጠጣው?»

«እኔ።»

«ጣፈጠሽ?»

«በጣም» አልኩት፤ ምን ልዋሽ።

እስኪያስለው ድረስ ሳቀ። «እኔን እኮ ያቅለሸልሸኛል» አለ። «እስከ ዛሬ አልለመድኩትም። እሁድ እሁድ ያንን የሠርገኛ መጠጥ ከጠጣሁ በኋላ እስከ ማታ ሆዴ ይገለባበጣል።»

«ታዲያ ምን ያስጠጣሃል? ሐኪሙም ከልክሎሃል!»

«እሷ የለችማ» አለ። ቀላል ነገር እንደ ጠየቅኩት ሁሉ። «ምላስ ሁልጊዜ የሚሄደው ወደ ወለቀው ጥርስ ነው። ያለውን ጥርስ ማን ይነካካዋል? ይታኘክበታል እንጂ።»

ጥሩ አባባል ነው፤ ናሁኤል ራሱን ነቀነቀ። እኔ ግን «አንድ ቀን እንኳ የወለቀ ጥርስ መሆን አምሮኛል» አልኩት። «አንቺማ ከወለቅሽ በምን እበላለሁ?» አለኝ፤ አሁን አልሳቀም። ቅሉን መልሼ ዘረጋሁለት። እጄን ወደ እኔ ገፋውና «ቀጂ ቅሉን ለማን ይመልሳል? ወረስሽው እኮ። ግን መምጠጫዬን ደግመሽ እንዳታማስዪ። ደግሞ የሚርታን ተራ እንዳትዘዪ» አለኝ።

እንዲህ ሆነልሽ። ቅሉ የእኔ ነው። ደስ አለሽ ወይ ብትዪኝ ደስ ብሎኛል፤ ይህን ስጽፍልሽ እንኳ እዚሁ ጠረጴዛው ላይ፣ ክርኔ አጠገብ ነው። ግን ነገሩን እስኪ አስቢው! ዕድሜ ልኬን የተመኘሁትን ሳገኝ፣ ያገኘሁት ዕድሜ ልኬን አንቺን እንዳስተናግድበት ነው። ዱባና ቅል አበቃቀሉ ለየቅል ይባላል፤ አንቺ ሐረግሽን ስበሽ ባሕር ተሻገርሽ፣ ቅሉ ግን እኔ ዘንድ ቀረ፤ እዚያ ሆነሽም ከእሱ ትጠጫለሽ። ቅናቱ ለቆኝ እንዳይመስልሽ። ትንሽ ቦታ ቀየረ እንጂ እዚሁ አለ።

አባዬ ከወረድን ወዲህ ጉልበቱ አብጦ ወንበሩ ላይ ነው። ናሁኤልና ኦስማር ናቸው የመጨረሻውን መንገድ ደግፈው ያመጡት። ዛሬ ጠዋት ሐኪሙ መጥቶ ደረቱን አዳመጠና ለእኔ በሩ ላይ «ከፍታ ከእንግዲህ በቃው፤ በበጋም ቢሆን» አለኝ። ለእሱ አልነገርኩትም። አንቺም በስልክ እንዳታነሺበት።

ትናንት እሁድ ለመጀመሪያ ጊዜ በቤታችን እኔ ቀዳሁ። አባዬ ወንበሩ ላይ ሆኖ እጄን ይመለከታል፤ ቼላ «እስኪ እናያለን» ብላ ወንበሯን አስጠግታለች። ለራሴ፣ ለአባዬ፣ ለኦስማር፣ ለቼላ። ከዚያ ሁሉም አዩኝ። «ይሄ የሚርታ ነው» አልኩ፤ ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ትንሽ ቆጠቆጠኝ። ቆርቆሮዋ ኪሴ ውስጥ ነበረች፤ አላወጣኋትም። ውሃውን ብቻ ጨምሬ ወደ መስኮቱ ዞሬ ጠጣሁት። አባዬ ኪሴንም ፊቴንም ሲያይ ቆየና «መራራ ነው?» አለኝ። «መራራ ነው» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ አልተቆጣም።

ለቪሴንቴ አክብሮቴን አድርሺልኝ። ኖኤሊያን በሁለቱም ጉንጮቿ ሳሚልኝ፤ የአያቷን ተራራ ሥዕል ሠርታ ትላክልኝ፣ ማቀዝቀዣው ላይ እለጥፈዋለሁ፣ ቦታ ግን ከአንቺ ፎቶ ጋር ትሻማ። አማትሽን ወገባቸውን በሙቅ ጨርቅ እንዲይዙ ንገሪያቸው። ኦስማር በጣም ናፍቀሽኛል ይልሻል። ቼላ ሰላምታዋ በልጇ አፍ ይደርስሻል፣ ትንሽ ሐሜትም አብሮ። ናሁኤልም፣ አንቺን በሩጫ ስትወጪ ለማየት ጓጉቷልና፣ እጅ ነስቷል። አባዬ መጻፌን አያውቅም፤ ቢያውቅ ኖሮ ለእኔ የሚሆን ወረቀት አይተርፍም ነበር።

ተራሽን አልዘልም፤ ቃሌን ሰጥቻለሁ። እሁድ እሁድ እቀዳልሻለሁ፣ እኔም እጠጣልሻለሁ፣ ያለ ስኳር። ቆርቆሮዋ ኪሴ ውስጥ ናት። ጣፋጩ ካማረሽ አባታችን ወንበሩ ላይ ሳለ ነይና ራስሽ ጨምሪ።

እህትሽ ዙልማ

ባሪሎቼ፣ ሰኞ፣ ኦገስት 28 ቀን 2017